ሞተሩ ሲቆም

ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው አሻግሬያለሁ፣
አጥኚ ሲመላለስ በዓይኔ አይቻለሁ።
የዓሣው ሰው ሲመጣ ከመረብ አይወጣ፤
የውኃው ሰው ሲመጣ ጠርሙስ ሞልቶ ወጣ፤
የአፈሩ ሰው ደግሞ ጭቃ በፌስታል ቋጥሮ
ወደ ግቢው ሄደ በባጃጅ ተሳፍሮ።
የሰው ሰው ነኝ ያለው መጠይቁን ይዞ
ሰባት ገጽ ጠየቀ፣ ጎህ ሳይቀድ ተጉዞ።
ሁሉም በየተራ፣ ሁሉም በየጀልባ፣
አንዱ ያየው ነገር ለሌላው ሳይገባ።
ጣና ቢጠና ቢጠና፣
መደርደሪያው ሞላ፤ ባሕሩ ጎደለ፤
እኔም የነዳጄን ተቀብዬ ዝም አልኩ።

ዘንድሮ ግን ጉድ ነው፤ ባንድ ላይ መጡብኝ።
«ዘርፈ ብዙ ጥናት» ይባላል፣ ነገሩኝ።
እኔ የማውቀው ዘርፍ የድባብ ጫፍ ነበር፣
ጨርቁ አልቆ ሲያበቃ የሚወዛወዝ ክር።

ዶክተር ትጓደድ አለች፣ ውኃ ቆጣሪዋ፣
የጥልቀት ገመዷ ተጠምጥሞ በእጇ፤
መሐንዲሱ አንለይ፣ ሁሉን በሜትር ሰፋሪ፤
ደረበ ሣር ዐዋቂ፣ የቅጠል መርማሪ፤
ከኋላ ፍሬሰንበት፣ ባለ መጠይቋ ልጅ፣
ፋይሏን ከርጭት ሸሽጋ ታቅፋ በእጅ።
የሄድንበት ጉዳይ ደንገል ነው፤ ደንገሉ
ከዳር ተመናምኖ የት ገባ ይላሉ።

ወይዘሮ ዙምራ ቆመዋል እስከ ጉልበታቸው፣
ውኃው ሳይሆን ጭቃው ውጦት እግራቸው።
«ዕድሜዎ?»
«እናቴ ደንገል ስታጭድ ነው የወለደችኝ።
ያኔ ውኃው እዚያ ነው፤» አሉ፣
ማጭዳቸውን ወደ ሆቴሉ አጥር ዘርግተው።
«ሥራዎ?»
«እኔ አጭዳለሁ፤ ባሌ ታንኳ ይጠፍራል።
ደንገል ካለ እንበላለን፤ ከሌለ ይታደራል።»

ልጅት ቅጿን ገለጠች። ገበሬ የሚል አለ፣
ነጋዴ የሚል አለ፣ ተቀጣሪም አለ፤
ለታንኳ ግን ሣጥን ማንም አልሣለ።
አመነታች፤ ጻፈች፤ «ሌላ» ላይ ምልክት።
አንድ ሙሉ ሰው ገባ በሁለት ፊደል ቤት።

ስንመለስ ክርክር። «ውኃው ነው፤» «የለም፣ ከብቱ!»
«እርሻው ነው የበላው!» «የሆቴሎች ብዛቱ!»
ሞተሩ ይጮኻል፤ እነሱም ይጮኻሉ፤
ማን ማንን ይሰማል? ሁሉም ይናገራሉ።

ከዚያ ትር፣
ትርትር፣
ጸጥ።

የተጣለ የናይሎን መረብ፣ እንቦጭ እንደ ጸጉር ነስንሶ፣
የሞተሩ ክንፍ ላይ ተጠምጥሟል።
ቢላዬን አወጣሁ፤ ጎንበስ አልኩ።
የባሕሩ ሆድ ጀልባዋን ቀስ እያለ መታት፣
መታት።
«ማጭዳቸውን የዘረጉት ወዴት ነበር?» አለች ትጓደድ።
«ወደ ሆቴሉ አጥር።»
«ያኔ ውኃው እዚያ ነበር ማለት ነው? በስንት ዓመተ ምሕረት?»
«ዓመቱን አያውቁትም። ትልቁ ሾላ በወደቀበት ክረምት፣
ወንድማቸው በሞተ ማግስት።»
ትጓደድ ጻፈች፤ ሾላውንም፣ ወንድሙንም።
አንለይ ኮፍያውን አወለቀ።
«የግድቡን በር እኛ ስንዘጋ...» አለና ተወው።
እዚያ የተወው ላይ ነው ደረበ የገባው፦
«ውኃ ሲሸሽ ደንገሉ ይደርቃል፤ ሥፍራው መሬት ይሆናል።
መሬት ደግሞ ምን ያበቅላል?
ባለቤት።»
እኔ መረቡን ቆርጬ ከጨረስኩ ቆየሁ።
ሞተሩን ግን አላስነሳሁም።

ማታ ጀልባ ሳጥብ፣ ከወንበሩ ሥር
ወረቀት አገኘሁ፣ የራሰ ዳርና ዳር።
«ሌላ» ተሰርዟል። ከጎኑ በሰማያዊ፦
«ደንገል አጫጅ።»
በቀይ ደግሞ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦
«ታንኳን ውኃ ላይ የምታኖር።»
ከታች በእርሳስ፣ ቁጥር በለመደ እጅ፣ ተጨናንቆ፦
«ዳሩ የት እንደነበር የምታውቅ።»

ሪፖርቱ ምን እንዳለ አላውቅም፤ አልደረሰኝም።
ወረቀቱን በሞተሩ ሙቀት አደረቅሁት።
ሐሙስ ተመልሰው ይመጣሉ፤
አበል የለውም አሉኝ፣ ያልታቀደ ቀን ነው።
ነዳጁን ግማሽ አድርገው፣ አለች ትጓደድ፣
መቅዘፊያ ግን አትርሳ።